ጭራቁ ውሻ የያዘ ዕለት

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ኧረ ጮክ በሉ! ከማዶ ያለው ውሻ ሰምቶ እስኪመልስልን ድረስ! ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

አሁን ገና ነቃችሁ። እንግዲህ አስቀድሜ ልማልላችሁ፤ ይህን ነገር አታምኑኝም። አባቴ ይሙት አታምኑኝም! ለአጎቴ ብነግረው ከበርጩማው ወድቆ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ለበቅሎዬ ብነግራት ሣሯን ትታ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ዝንብ ገብቶ ጎጆ ሠራባት። ስለዚህ እናንተ አፋችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ተራሮች ገና ልጆች ሳሉ፣ ጉም አምባ የሚባል ተራራ ነበር። ከርዝመቱ የተነሳ ጫፉ ላይ ያረፈ አሞራ ወደ ታች ሲያይ ራሱን ያዞረው ነበር። ከተራራው ሥር አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯ ውስጥ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ የላት፣ ከብት የላት። ያሏት ሦስት ውሾች ብቻ ነበሩ።

አንደኛው ዳማ ይባላል። አፍንጫው ለጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት በመንገድ ያለፈን ሰው አሽትቶ ምሳውን ምን እንደበላ ያውቃል። ሁለተኛው ቡላ ይባላል። እሱ ሲጮህ የጎረቤት ድስት ክዳኑን ይጥላል። ሦስተኛዋ አሮጊት ናት። አንድም ጥርስ የላትም። ሥራዋ መተኛት ነው። ስሟ እሜቴ ይባላል። እሜቴን ከተኛችበት ያስነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም፤ ሊወለድ ያሰበም ካለ ይቅርበት።

ታዲያ እንጉዳይ አንድ ጉድ ነበረባት። በየማለዳው ጥጧንና እንዝርቷን ትይዛለች፣ ሦስቱን ውሾች ታስከትላለች፣ ተራራውን ትወጣለች። በሸንተረሩ ላይ እየፈተለች ትሄዳለች። ትሄዳለች። ትሄዳለች። ከዚያ ትመለሳለች። በቃ! ሌላ ነገር የለም!

ጎረቤቶቿ መንገድ ላይ ጠብቀው ያዟት።

«እንጉዳይ፣ እንጨት ልትለቅሚ ነው?»

«አይ።»

«የጠፋ ከብት ልትፈልጊ ነው?»

«ከብት የት አለኝና?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሄድ።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ታች።»

መንደሩ በድንጋጤ ደረቀ። አንዷ ራሷን ያዘች። አንዱ ምራቁን መዋጥ ረሳ። ቄሱ ጠበል ይዘው እየሮጡ መጡ። ሰው እንዴት እግሩን በከንቱ ይጨርሳል? ዝናብ ሲዘንብ ትሄዳለች። ውርጭ ሲወርድ ትሄዳለች። ፀሐይ ድንጋይ ስታቀልጥም ትሄዳለች። ውሾቹም ጭራቸውን እየቆሉ ይከተሏታል፤ እነሱ እንኳ «ለምን?» አይሏትም!

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። እንግዳ ሲመጣ ከአጥር ውጪ ይቆምና «ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ ይጣራል። ባለቤቱ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። ውሻውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። እንግዳው ይገባል፣ ይጫወታል፣ ይወጣል። ከአጥር ውጪ ሲደርስ «ልቀቁት!» ይላል። ያኔ ውሻ ይለቀቃል። «ልቀቁት» ሳይባል የለቀቀ ሰው ነውረኛ ይባላል። የልጅ ልጁ ሳይቀር ሲነወር ይኖራል።

የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹም ጓንጉል ይባሉ ነበር። ጭቃ ሹም «ውሻ ያዙልኝ» ማለት አይረሱም። ጠላ መጠጣት አይረሱም። «ልቀቁት» ማለት ግን ሁልጊዜ ይረሳሉ።

አንድ ቀን እንጉዳይ ቤት መጡ። «ውሻ ያዙልኝ!» አሉ። እንጉዳይ ወጧን እሳት ላይ ትታ ወጣች። ዳማን በቀኝ እጇ ያዘች። ቡላን በግራ እጇ ያዘች። እሜቴን መያዝ አያስፈልግም ነበር፤ ተኝታለች። ሕግ ሕግ ነውና በሁለት ጉልበቶቿ ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ጭቃ ሹም ገቡ። ማን ይቅዳላቸው? ራሳቸው ቀዱ፣ ራሳቸው ጠጡ፣ ራሳቸውን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አመሰገኑ። ከዚያ እያፏጩ ወጥተው ሄዱ።

እንጉዳይ ቆማ ቀረች። ወጡ አረረ። ከሰዓት ሆነ። ከብት ገባ። ጎረቤቷ መጥታ አየቻት።

«ምነው እንጉዳይ፣ ሐውልት ሆንሽ?»

«ጭቃ ሹም “ልቀቁት” አላሉኝም።»

«ውይ አንቺ! እሳቸውማ ቤታቸው ገብተው እያንኮራፉ ነው!»

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ኪስ የሌለው ብብቱ ውስጥ ይያዘው።

አንድ ቀን ጠዋት መንደሩ ሲነሳ ፀሐይ የለችም። የለችም አልኳችሁ! በምሥራቅ ፈለጓት፣ የለችም። በምዕራብ ፈለጓት፣ የለችም። አንዱ ሞኝ ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አያት። አውራ ዶሮ ጮኸ፣ ዙሪያውን አየ፣ አፍሮ ዝም አለ። ቀኑ ሁሉ ድንግዝግዝ ሆነ። ዝናብ በላይ በላዩ ወረደ።

ጊዜው ደግሞ የመከር ነበር። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተቆልሏል። እርጥበት ገባውና ክምሩ ላይ እንዳለ በቀለ። እንዴት እንደበቀለ ልንገራችሁ? ክምሩ አጠገብ ያንቀላፋ ሰው ጢሙ ላይ ገብስ በቅሎበት ተነሳ! ጎተራ ባዶ ነው። ልጆች በረሀብ ሆዳቸው ሲጮህ ቡላ ሌላ ውሻ መስሎት ይመልስ ነበር።

ጭቃ ሹም መንደሩን ሾላው ሥር ሰበሰቡ።

«ይህ ሁሉ የመጣው በእንጉዳይ ነው!» አሉ። «ተራራ ያለ ሥራ ሲረገጥ ይቆጣል! እሷና ውሾቿ ጀርባውን እየረገጡ አስቆጡት፣ ፀሐይን ዋጠብን!»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ መንደሩ። የተራበ ሰው ሁሉን ያምናል።

«እስከ ነገ ፀሐይ ካልወጣች ሦስቱም ውሾች ገደል ይጣላሉ!»

እንጉዳይ ደረቷን መታች። «ውሾቼን? ያለ እነሱ ማን አለኝ ጌታው? እሜቴን እንኳ ይማሩልኝ!»

«እሜቴንም!» አሉ ጭቃ ሹም። ይህን ብለው በቁጣ ሊነሱ ሞከሩ። መነሳት አቃታቸው። እሜቴ የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ተኝታ ነበር። ቢጎትቱ፣ ቢስቡ፣ ሰው ቢያስጎትቱ አልሆነም። ጋቢያቸውን ትተው ሄዱ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ እንጉዳይ ውሾቿን ጠራች። እንዝርቷን ያዘች። «ተራራው ቢውጠኝም ይዋጠኝ፤ ፀሐይን ሳላመጣ አልመለስም» አለች። ወጣች።

በሸንተረሩ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። ከዚያ ድንጋይ ያለፈ ሰው የለም። ከዚያ በላይ ጭራቅ ይኖራል ይባላል። እንጉዳይም ሁልጊዜ እዚያ ስትደርስ ትመለስ ነበር። ዛሬ ግን አለፈችው።

ልክ ስታልፍ ዳማ ዞር ብሎ፣ «ቀስ በይ፣ ያዳልጣል» አላት።

እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ወደ ኋላ አየች። ወደ ጎን አየች። ማንም የለም።

«ማነው የተናገረው?»

«እኔ ነኛ።»

«ውሻ ይናገራል እንዴ?!»

«ከነጭ ድንጋይ ወዲህ እንናገራለን» አለ ዳማ። «ከታች የሚያዳምጥ ስለሌለ ትተነው ነው።»

«ከተናገርን አይቀር፣» አለ ቡላ፣ «ያ የትናንቱ ቅራሪ ሆምጥጦ ነበር።»

«ቡላ፣ ባለጌ አትሁን!» አለች እሜቴ፣ ድምፅዋን እንደ ትልቅ እመቤት ቆጣ አድርጋ። «አንቺም ልጅ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ብርድ ይገባሻል።»

እንጉዳይ አፏን በሁለት እጇ ዘጋች። በአንድ እጅ አልዘጋ ብሏት ነበር።

ሄዱ። ሄዱ። ጉም መጣ። ምን ዓይነት ጉም! እንጉዳይ እጇን ብትዘረጋ እጇን አጣችው። ፈልጋ ስታገኘው የሌላ ሰው መስሏት «ጤና ይስጥልኝ» አለችው። መንገዱ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ነው። በግራ ገደል። በቀኝ ገደል።

«ጭራዬን ያዢ» አለ ዳማ። አፍንጫውን መሬት ላይ አደረገ። «ጭራቁ ትናንት በዚህ አልፏል። አንድ በሬ ከነቀንበሩ በልቷል። ቀንበሩ አልተስማማውም።»

እንጉዳይ ጭራውን ያዘች። ቡላ የእሷን ቀሚስ ነከሰ። እሜቴ የቡላን ጭራ በድዷ ያዘች። እንደዚያ ሆነው ከጉሙ ወጡ።

ሄዱ። ሄዱ። በረዶ መጣ። የእናንተ አገር በረዶ እንዳይመስላችሁ! አንዱ ፍሬ የበግ ሙክት ያህላል። ሲወርድም «ዞር በሉ!» እያለ ይወርዳል። መጠለያ ዛፍ የለ፣ ዋሻ የለ።

«ዝም በሉ፣ የእኔ ተራ ነው» አለ ቡላ። ደረቱን ነፋ፣ ወደ ሰማይ አንድ ጊዜ ጮኸ። በረዶው አየር ላይ እንዳለ በድንጋጤ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደ ዱቄት ቦነነ። እንጉዳይ ራሷ ላይ የወረደውን ነጭ ዱቄት አራግፋ መንገዷን ቀጠለች።

ሄዱ። ሄዱ። ነፋስ መጣ። ያ ነፋስ ድንጋይ እንደ ገለባ ያንከባልላል። ሦስት ዝንጀሮዎች እያንሳፈፈ በፊታቸው አለፈ፤ አንደኛው «ቤት ንገሩልኝ!» እያለ ይጮኻል። ዳማ ጆሮው ተገለበጠ። ቡላ ጩኸቱ ወደ ሆዱ ተመለሰ። እንጉዳይ ከመሬት ተነሳች። እግሯ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ!

እሜቴ አዛጋች። ቀስ ብላ መጣች። እየተነሳ ያለው የእንጉዳይ ቀሚስ ጫፍ ላይ ወጣች። ዞር ዞር አለች። ተኛች።

በቃ። ነፋሱ ታገለ። ነፋሱ ጮኸ። ነፋሱ አለቀሰ። እሜቴ አንኮራፋች። በመጨረሻ ነፋሱ ደክሞት ሌላ ተራራ ፈልጎ ሄደ።

«ተኝተሽ ነው ያዳንሽኝ?» አለች እንጉዳይ።

«እያንዳንዱ በሙያው ነው፣ ልጄ» አለች እሜቴ።

የጭራቁ ቤት ደረሱ። አጥሩ ከነሥራቸው የተነቀሉ ዛፎች ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ ብርሃን ቦግ ብሎ ይወጣል። እንጉዳይ ተጠግታ አየች። ጭራቁ እልፍኙን ሞልቶ ተቀምጧል። ጥርሱ የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሲያነጥስ ማዶ ያሉ ፍየሎች ያለ ጊዜያቸው ይወልዳሉ። በአጠገቡ ትልቅ ጋን አለ። ከጋኑ አፍ ብርሃን ይፈልቃል። ጉልበቱ ላይ ደግሞ ጎተራ የሚያህል ጠጉራም ውሻ ተኝቷል። ጭራቁ ውሻውን እያሻሸ ይዘፍናል።

«እሹሩሩ ጩጬ፣ እሹሩሩ! ደረቅህልኝ ጩጬ? አልደረቅህም። እሹሩሩ!»

አንድ ጎተራ ሙሉ ውሻ ጩጬ ተብሎ ሲጠራ አስቡት እስቲ!

እንጉዳይ ምን ታድርግ? ሮጣ ብትገባ ይውጣታል። ሮጣ ብትመለስ ውሾቿ ገደል ይገባሉ። ያኔ ያ ቀን ትዝ አላት። ያ ወጡ ያረረበት ቀን። ከአጥሩ ውጪ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ውሻ ያዙልኝ!»

ድምፅዋ በፍርሃት ቀጥኖ ጭራቁ አልሰማትም።

«ውሻ ያዙልኝ!»

ጭራቁ ዘፈኑን አቆመ። ጆሮውን ቀሰረ።

«ኧረ የቤቱ ጌቶች፣ ውሻ ያዙልኝ!»

ጭራቁ ብድግ ሲል ራሱ ከጣሪያው ተጋጨ። «እንግዳ?» አለ። «እኔ ቤት? እንግዳ?!» እስከ ዛሬ እሱ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነበር የመጣው። እንደ ሰው ወግ ደጅ ቆሞ የተጣራ አልነበረም። «ውይ ጉዴ! ቤቴ አልተጠረገ! ፊቴን አልታጠብኩ!» አለና እጆቹ ራሳቸው ሄደው የጩጬን ጠጉር በጭብጥ በጭብጥ ያዙ።

«በደንብ ይዘኸዋል አያ ጭራቅ?»

«በሁለት እጄ! ግቢ እንግዳዬ፣ ግቢ!»

«እንዳትለቀው ታዲያ።»

«እንዴት ብዬ!» አለ ጭራቁ። «እናቴ ልትሞት ስትል “እንግዳ ልቀቀው ሳይልህ ውሻህን የለቀቅህ ቀን ድንጋይ ሁን” ብላ ረግማኛለች። የጭራቅ እናት እርግማን መሬት አይወድቅም።»

እንጉዳይ ገባች። ሦስቱ ውሾችም ጭራቸውን አጣብቀው ተከተሏት።

«ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ» አለ ጭራቁ። «ጠላ ልቀዳልሽ ነበር፣ እጄ ተያዘ።»

«ግድ የለም፣ ራሴ እቀዳለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ደግሞ እንግዳዬ፣ ወጥተሽ “ልቀቀው” ስትዪኝ ተከትዬሽ እበላሻለሁ። አትቀየሚኝም አይደል?»

«ኧረ ለምን እቀየማለሁ! ቤትህ አይደል?» አለች እንጉዳይ። ጠላውን በዋንጫ ቀዳችና ወደ ጋኑ ዞረች።

«ይህ የሚያበራው ጋን ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ናት» አለ ጭራቁ አንገቱን ደፍቶ። «ጩጬን ዝናብ መታብኝ። ልጄ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አላስችል አለኝ። እጄን ዘርግቼ አወረድኳት። እስኪደርቅ ብቻ ብዬ ነበር። ግን አይደርቅም! ባሞቀው ባሞቀው ይብስ ይረጥባል!»

ከጠጉሩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች።

«ላብ ነው!»

ሁሉም ዞሩ።

«ኧረ ላብ ነው! ሞቀኝ! ከደረቅሁ ቆየሁ!» አለ ጩጬ።

ጭራቁ ደነገጠ። መንጋጋው ወርዶ ደረቱ ላይ አረፈ። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«በነገርኩህ ቁጥር “እሹሩሩ” ትላለህ!»

እሜቴ ራሷን ነቀነቀች። «አይሰማም እንዳይባል ጆሮው የበር መዝጊያ ያህላል» አለች።

«እንግዲያው ፀሐይን መልሳት አያ ጭራቅ» አለች እንጉዳይ። «መንደሬ ተርቧል። እነዚህም ውሾቼ ገደል ሊጣሉብኝ ነው።»

ጭራቁ ትንሽ አሰበ። ጭራቅ ሲያስብ ሆዱ ያስብለታል። «አይሆንም» አለ። «ብርሃኑን ለምጄዋለሁ። ይልቅ ጠጪና ቶሎ ውጪልኝ፣ ርቦኛል።»

እንጉዳይ ዋንጫዋን አስቀመጠች። ዓይኗን በእጇ ከለለች።

«አያ ጭራቅ፣ ይህ ጋን ዓይኔን ወጋኝ። ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው?»

እንግዳን እንዴት እምቢ ይላል? «ፈቀቅ አድርጊው» አለ።

እሷና ሦስቱ ውሾች ጋኑን ወደ በሩ ገፉት።

«አሁንም ይወጋኛል። ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው?»

«ፈቀቅ አድርጊው።»

ጋኑን ወደ ግቢው ገፉት።

«አሁንም ይወጋኛል። ትንሽ፣ ትንሽዬ ፈቀቅ ላድርገው?»

«ፈቀቅ አድርጊው!»

ጋኑን ከአጥሩ ውጪ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አደረሱት። ያኔ ጭራቁ ነቃ።

«እንግዳዬ! ኧረ በጣም ፈቀቅ አደረግሽው!»

እንጉዳይ የጋኑን አፍ ወደ ሰማይ አዞረችና በእርግጫ አለችው። ጋኑ ተሰነጠቀ። ፀሐይ እንደ ቆቅ ብር ብላ ወጣች! ብርሃኑ ቦግ ሲል ጭራቁ ዓይኑ ታወረበት፣ ፊቱን የጩጬ ጠጉር ውስጥ ቀበረ። ጩጬም ከዚያ ሁሉ ጠጉር ውስጥ ተሽሎክልኮ ወጣ።

አሁን ነው አፋችሁን የምትሸፍኑት! የጎተራው ውሻ ከጠጉሩ ሲወጣ ስንት ሆነ? ድመት አከለ! ያውም የከሳች ድመት! የቀረው ጠጉር ነበር! ራቁቱን እየሮጠ፣ «ነፋስ! ነፋስ! እንዴት ደስ ይላል!» እያለ እንጉዳይን ተከተላት። ጭራቁ ባዶውን ጠጉር እንዳቀፈ ቀረ።

«እንግዳዬ፣ ሄድሽ እንዴ?» ብሎ ተጣራ። «ልልቀቀው?»

እንጉዳይ ቆመች። እናቷ በሥርዓት ነው ያሳደገቻት። ምላሷ ራሱ «ልቀ…» ሊል ተነሳ! በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ልልቀቀው?»

ሦስቱ ውሾች አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ኧረ ልልቀቀው ወይ?»

እንጉዳይ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለጌ ሆነች። ዝም ብላ ሄደች።

ሲመለሱ ነፋሱ የለም፣ በረዶው የለም፣ ጉሙም ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደ ወተት ረግቷል። ሸንተረሩ ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ውሾቹ እየተጨዋወቱ ወረዱ። ነጭ ድንጋዩ አጠገብ ሲደርሱ እሜቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ጭቃ ሹም አንድ ትልቅ ምሥጢር ልንገርሽ። ያ ሰውዬ ባለፈው ዓመት ማታ ማታ እየተነሳ ምን ያደርግ ነበር መሰለሽ፣ ው! ው!»

ድንጋዩን አልፈው ነበር። እንጉዳይ በንዴት ልትፈነዳ!

ከታች መንደሩ ሾላው ሥር ቆሟል። ጭቃ ሹም የውሾቹን ማሰሪያ ገመድ ይዘዋል። ድንገት ፀሐይ በእኩለ ቀን፣ ያውም በተራራው በኩል ወጣች! ጭቃ ሹም ገመዱን ጣሉ። ጠላት መስሏቸው ያጎነበሱ ነበሩ። አውራ ዶሮው ያለፈውን ሁሉ አንድ ላይ ጮኸና ድምፁ ጠፋ። ፀሐይ ደግሞ ጋን ውስጥ ታፍና ስለቆየች እልኳን ተወጣች። አውድማው ላይ ያለው ገብስ ደረቀ፣ ሞቀ፣ ጠስ ጠስ አለ፣ እዚያው ቆሎ ሆነ! ልጆች እፍኝ በእፍኝ እየዘገኑ በሉ።

እንጉዳይ በሦስት ውሾችና በአንድ ራቁት ጩጬ ታጅባ ደረሰች።

«እኔ ነኝ የላክኋት!» አሉ ጭቃ ሹም ወዲያው።

ማንም አልሰማቸውም። ሁሉም ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። ያን ቀን ውሻ ገደል አልገባም። ከዚያ ቀን በኋላም አልገባም።

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ሁሉ ውሻውን እያስከተለ በሸንተረሩ ላይ መሄድ ጀመረ። «ምን ልታደርጉ ነው?» ሲባሉ «ልንሄድ» ይላሉ። እንጉዳይ ግን በየቀኑ ነጭ ድንጋዩን እያለፈች የእሜቴን ምሥጢር ትጠይቃለች። እሜቴም «አሁን እንቅልፌ መጣ፣ ነገ እነግርሻለሁ» ትላለች። ከላይ ደግሞ ነፋስ ሲነፍስ «ልልቀቀው? ልልቀቀው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይኼ ነው፤ የምትወዱትን «እሹሩሩ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚላችሁ ስሙት። ጭራቁ ውሻውን ይወድ ነበር፣ ግን አልሰማውም፤ ስለዚህ ጠጉር አቅፎ ቀረ።

ተረቴን ያዙልኝ፣ አፌን ቆሎ ሙሉልኝ!

ቆይ! ቆይ! አትነሱ! ዋናውን ረስቼው! ጭቃ ሹምም አንድ ቀን ከሚስታቸው ከእትዬ ዘርፌ ጋር ሸንተረሩን ሊያዩ ወጡ፤ መንደሩም ተከትሏቸዋል። ጭራቁ ከላይ «ኧረ ልልቀቀው ወይ?» አለ። ጭቃ ሹም ቀጥ ብለው ቆሙ። ግንባራቸውን መቱ። «አሃ! ለካ የምለው ነገር ነበረኝ!» አሉና ደረታቸውን ነፍተው፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው «ልቀ…» ሲሉ መንደሩ በሙሉ ላያቸው ላይ ወደቀ። እሜቴ ሄዳ አፋቸው ላይ ተኛች። ባሏን ከተጋቡ ጀምሮ «አንቱ» ስትል የኖረችው እትዬ ዘርፌ ከድንጋጤዋ የተነሳ ጮኸች፦

«አንተ! ዕድሜህን ሙሉ ስትረሳው ኖረህ ዛሬ ታስታውሰዋለህ?!»